ሳይቃጠል በቅጠል፦ የባሕር ዳሩን ተክል ሳናውቅ አንቅጠፍ



እሑድ ከጸሎት በኋላ አብዛኞቻችን የምንሄድበት ቦታ ይታወቃል። ገሚሶቻችን ወደ ዶውራና ወደ ቡርጅ ሐሙድ ወርደን በርበሬና ሽሮ እንገዛለን፤ ገሚሶቻችን ደግሞ በኮርኒሹ ላይ ከአይን መረይሴ እስከ ራውሼ ወዲያና ወዲህ እያልን የባሕሩን ነፋስ እንቀበላለን። በዚህ ጊዜ እጃችን አያርፍም። የአገራችን ሴት ቅጠል ካየች ቀጠፍ ታደርጋለች፤ በጣቷ አሸት አሸት አድርጋ ወደ አፍንጫዋ ታስጠጋለች። «ይኼ እኮ እኛ ሰፈር ያለው ነው» ትላለች። ሌላዋ «አይደለም፣ ይኼ ሌላ ነው» ትላታለች። በዚያው ስለ አገር ቤት ጨዋታ ይጀመራል።

ይህን ልማድ እንወደዋለን፤ እንዲቀርም አንፈልግም። ዛሬ በዚህ ዓምድ ልንናገር የፈለግነው ግን ልማዱ እውቀት እንዲጨመርበት ነው። በአጭሩ ሐሳባችን ይህ ነው፦ በዚህ ባሕር ዳር የሚበቅለውን ተክል በስሙና በመልኩ ለይተን ማወቅ ለእኛ ለቤት ሠራተኞች የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ሳይሆን ራሳችንንና የምናሳድጋቸውን ልጆች የምንጠብቅበት እውቀት ነው። እስክናውቅ ድረስ ደግሞ ምንም ቅጠል ወደ ድስት ወይም ወደ አፋችን ልናስገባ አይገባም።

ይህን እንድንጽፍ ያስገደደን በመካከላችን የደረሰ ነገር ነው። ባለፈው የብርድ ወራት አንዲት እህታችን ክፉኛ ጉንፋን ይዟት ነበር። መድኃኒት ለመግዛት ከቤት መውጣት አልተፈቀደላትም፤ ማዳሟም «ያልፍልሻል» ብላ ተወቻት። እህታችን ቆሻሻ ልትጥል ስትወርድ ከሕንፃው በታች፣ ወደ ባሕሩ በሚወስደው መንገድ ዳር ረዣዥም ቅጠል ያለው ተክል አየች። ቅጠሉ ቀጭንና ሹል፣ ቀለሙም ጠቆር ያለ አረንጓዴ ነው። ባሕር ዛፍ መሰላት። አገር ቤት እናቷ ጉንፋን ሲይዛቸው ባሕር ዛፍ አፍልታ በእንፋሎቱ ታጥናቸው እንደነበር ትዝ አላት። አንድ እፍኝ ቆርጣ ወጣች፤ አፈላች፤ በፎጣ ተሸፋፍና ታጠነች። እንፋሎቱ ሽታ ስላልነበረው «ደክሟል መሰለኝ» ብላ ከውኃው ግማሽ ስኒ ጠጣችበት።

ሌሊቱን ስታስመልስ አደረች። ጠዋት መቆም አቃታት፤ ልቧ አንዴ ቀስ እያለ አንዴ እየዘለለ ይመታ ጀመር። ማዳሟ ሥራ ለመሸሽ የታመመች አስመሰለች ብላ ተቆጣች። ያዳናት የፎቁ ዘበኛ፣ ናጡሩ ነው። የጎረቤት ቤት የምትሠራ እህታችን ድስቱን ይዛ ወርዳ ቅጠሉን ስታሳየው «ድፍሌ! ድፍሌ!» እያለ ጭንቅላቱን ያዘ። ድፍሌ መርዝ መሆኑን የዚህ አገር የገጠር ልጅ ሁሉ ያውቃል። ወደ ሆስፒታል ተወሰደች፤ ልቧ በመሣሪያ ሲጠበቅ ቀናት ቆየች፤ ተረፈች። የሕክምናው ወጪ ግን ከደመወዟ ተቆረጠባት።

ይህን ስናወራ አንዳንዶች «ምን ዓይነት ሞኝነት ነው» ብለው ይሆናል። እኛ ግን ሞኝነት አንለውም። እህታችን እውቀት ነበራት፤ እውቀቷ የሌላ አገር እውቀት መሆኑ ነው ያሳሳታት። ልጅ ሆነን ከእናቶቻችንና ከአያቶቻችን የተማርነው የቅጠል ትምህርት ለደጋውና ለወይና ደጋው፣ ለጓሯችንና ለወንዛችን ዳር የተሰጠ ነው። ባሕሩ ዳር ስንደርስ የምናውቀውን ቅጠል የሚመስል ሌላ ቅጠል ይጠብቀናል። የሚያውቅ ሰው ነው በመመሳሰል የሚሳሳተው፤ ምንም የማያውቅማ አይቀጥፍም።

የባሕር ዛፍ ስም ራሱ ይህን ያስታውሰናል። ባሕር ዛፍ የተባለው ባሕር ዳር ስለሚበቅል አይደለም፤ በአፄ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ፣ ከአውስትራሊያ የመጣ እንግዳ ዛፍ ስለሆነ ነው። አያቶቻችን እንግዳውን ዛፍ አይተው፣ ጠባዩን ለምደው፣ ስም አውጥተውለት የራሳቸው አደረጉት። አሁን ደግሞ እኛ ነን ባሕር ማዶ ያለነው፤ እንግዶቹም እኛ ነን። አያቶቻችን እንዳደረጉት የምናየውን ተክል ልናጠናውና ስም ልንሰጠው ይገባል።

እንግዲያው ከድፍሌ እንጀምር። ድፍሌ በዚህ አገር በየአውራ ጎዳናው መካከል፣ በየአጥሩና በየባሕር ዳሩ ይተከላል። የሚተከልበት ምክንያት አለው፤ ጨዋማ ነፋስ አያደርቀውም፣ ውኃ ጥሙን ይችላል፣ አበባው ከግንቦት ጀምሮ በጋውን ሙሉ አይጠፋም፣ ፍየልና ከብትም አይነካውም። ፍየል የማይነካው ቅጠል ለሰውም እንደማይሆን ማሰብ ደግ ነው። አበባው አምስት ቅጠል ያለው ሆኖ ሮዝ፣ ነጭ ወይም ቀይ ነው። መርዙ ኦሊያንድሪን የሚባል ሲሆን የልብን አመታት ያዛባል። መርዙ በቅጠሉ ብቻ አይደለም፤ በአበባው፣ በግንዱ፣ በሥሩና በፈሳሹም አለ። ቢደርቅም ቢፈላም አይጠፋም። እንጨቱን አንድዶ በጭሱ መታጠንም ሆነ በቀንበጡ ሥጋ ጠብሶ መብላት አይገባም።

ከባሕር ዛፍ የምንለየው እንዲህ ነው። አንደኛ፣ የድፍሌ ቅጠል ብዙውን ጊዜ ሦስት ሦስት እየሆነ ከአንድ አንጓ ላይ ይወጣል፤ የትልቅ ባሕር ዛፍ ቅጠል ግን አንድ አንድ እየሆነ ወዲያና ወዲህ ይወጣል። ሁለተኛ፣ የድፍሌ ቅጠል ቀጥ ያለ ነው፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል እንደ ማጭድ ጎበጥ ይላል። ሦስተኛ፣ ባሕር ዛፍ ሲታሽ ያ የምናውቀው ሽታ ወዲያው ይመጣል፤ ድፍሌ ያን ሽታ የለውም። አራተኛ፣ ባሕር ዛፍ ግንዱ አንድ ሆኖ ቅርፊቱ ይላጣል፤ ድፍሌ ከሥሩ ጀምሮ ብዙ ቅርንጫፍ ያለው ቁጥቋጦ ነው። ባሕር ዛፍን እዚህ «ኪና» ይሉታል። ማዳሞቻችን ለወጥና ለሾርባ የሚጠቀሙበት «ጋር» የሚባለው ቅጠልም ከሩቅ ሲያዩት ድፍሌን ይመስላል፤ እርሱ ግን አንድ አንድ እየሆነ የሚወጣ፣ ሰፋ ያለና ሲታሽ ደስ የሚል ሽታ ያለው ነው። «ከታች ጋር ቁረጪና አምጪ» ስትባሉ ዛፉን እንድታሳያችሁ ጠይቁ እንጂ በግምት አትቁረጡ።

ቀጥለን ደግሞ አገር ቤት የምናውቃቸውን፣ እዚህም ከእኛ ጋር የተገናኙትን እንይ። በእነዚህ ላይ ከማንም የተሻለ እውቀት ያለን እኛ ነን፤ ይህንንም ልንደብቀው አይገባም።

ጉሎ በዚህ አገር በየባዶው ቦታና በየፍርስራሹ ዳር፣ እስከ ባሕሩ ጠርዝ ድረስ በራሱ ይበቅላል። «ኸርዋዕ» ይሉታል። እንደ እጅ መዳፍ የተከፋፈለውን ትልቅ ቅጠሉን፣ እሾሃማ መሳይ ፍሬውንና ዝንጉርጉር ዘሩን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ምጣድ ስናሟሽበት ያደግን አለን። ነገር ግን ዘሩ ራይሲን የሚባል ብርቱ መርዝ አለው፤ በተለይ ሲታኘክ ይገድላል። ዘሩ ስለሚያምር ልጆች ሰብስበው ይጫወቱበታል። ልጅ ይዛችሁ ወደ ባሕር ስትወርዱ እጁን ፈትሹ።

አስተናግርም እንዲሁ በየቆሻሻው ዳር አለ። እንደ ጥሩንባ ያለው ነጭ አበባውና እሾሃማ ፍሬው ያስታውቃል። ስሙ ራሱ ጠባዩን ይነግረናል፤ የቀመሰውን ሰው ያስለፈልፋል፣ ያሳብዳል፣ ከዚያም ያለፈ ያደርሳል። በየአትክልቱ ሥፍራ ደግሞ አበባው ወደ ታች የተንጠለጠለ፣ ሲመሽ የሚሸት ትልቅ ዘመድ አለው፤ እርሱም መርዝ ነው። ቅጠሉን የነካ እጅ ዓይንን አይንካ።

የወፍ ቆሎም የአጥር ጌጥ ሆኖ እናገኘዋለን። በአንድ እቅፍ ላይ ቢጫ፣ ብርቱካናማና ሮዝ አበባ ተቀላቅሎ የሚታይበት፣ ቅጠሉ የሚሻክር ነው። አገር ቤት ልጆች ሆነን ጥቁሩን ፍሬ የበላን አንጠፋም። አረንጓዴው፣ ያልበሰለው ፍሬ ግን ልጅን ይመርዛል። «እኛ በልተን አልሞትንም» ብለን ለሰው ልጅ አንስጥ።

ቅንጭብ ደግሞ በየበረንዳው በጌጥ ሣጥን ውስጥ ተተክሎ ይታያል። አገር ቤት አጥር የምናጥርበት ያው ቅንጭብ ነው። ሲሰበር የሚፈሰው ነጭ ወተት ዓይን ውስጥ ከገባ ያቃጥላል፤ ለጊዜው ማየት እስከ መከልከልም ይደርሳል። ከነካን ወዲያውኑ በብዙ ንጹሕ ውኃ ለረጅም ጊዜ አጥበን ሐኪም ዘንድ መሄድ ይገባል።

እዚህ ላይ ለአሠሪዎችም የምንለው አለን። ብዙዎቻችን የበረንዳውን አበባ ውኃ የምናጠጣው፣ የደረቀውን የምንቆርጠው፣ የግቢውን አጥር የምናስተካክለው በባዶ እጃችን ነው። ድፍሌና ቅንጭብ የምትቆርጥ ሴት ጓንት ልትጠይቅ መብቷ ነው፤ ጓንት መስጠትም ለአሠሪው ከባድ ወጪ አይደለም። ለልጃቸው የማይፈቅዱትን ተክል ለእኛ እጅ ሲሰጡ ቢያንስ ስሙንና ጠባዩን ሊነግሩን ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2009 በሊባኖስ የወጣው መደበኛ የሥራ ውል አሠሪው ለሠራተኛዋ የጤና መድን እንዲገባላትና በሳምንት ከ24 ሰዓት ያላነሰ ዕረፍት እንዲሰጣት ይደነግጋል። መድኃኒት ለመግዛት መውጣት የምትችል፣ ሐኪም የምታገኝ ሴት ከመንገድ ዳር ቅጠል ቆርጣ አትጠጣም። የእህታችን ሕመም ከድፍሌው በፊት የጀመረው በተዘጋው በር ነው።

ወደሚበላው እንመለስ። ብርዱ ሲያልፍ፣ በተለይም ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ የዚህ አገር እናቶች ቢላዋና ከረጢት ይዘው ሜዳ ለሜዳ ሲለቅሙ እናያለን። የሚለቅሙትን የዱር ጎመን «ስሊቅ» ይሉታል። ከእነርሱ ጋር ወጥታ መማር የቻለች እህት ታድላለች። ከሚለቀሙት አንዱ «ኹበይዜ» ነው፤ ክብ ሆኖ ጠርዙ ዘርዘር ያለ ቅጠልና ሐምራዊ መሳይ ትንሽ አበባ አለው። አገር ቤት ልት የምንለው የእርሱ ዘመድ ነው። በሽንኩርትና በወይራ ዘይት አብስለው ይበሉታል።

በበጋ ደግሞ ለፋቱሽ ሰላጣ የሚጨምሩት «ባእሌ» አለ። መሬት ላይ የሚነጠፍ፣ ግንዱ ቀላ ያለና ወፍራም፣ ቅጠሉም ድልብ ያለ፣ አበባው ትንሽ ቢጫ ነው። እርሱን የሚመስል፣ በዚያው በእግረኛው መንገድ ስንጥቅ ውስጥ የሚነጠፍ የማይበላ አረም ግን አለ። መለያው ቀላል ነው፤ ግንዱን ስበሩት። ባእሌ ጥርት ያለ ውኃ ያወጣል። አረሙ ነጭ ወተት ያወጣል። ወተት ያወጣውን ጣሉት፤ እጃችሁንም ታጠቡ። ይህች አንዲት ምልክት ብቻዋን ብዙ ሰው ታድናለች።

እንስላልም በየመንገዱ ዳርና በየኮረብታው ላይ አለ፤ «ሾማር» ይሉታል። ቅጠሉ እንደ ክር የቀጠነ፣ አበባው ቢጫ፣ ሽታውም ያው የምናውቀው ነው። በእርጥብ ቦታ ግን ቁመቱ ከሰው የሚበልጥ፣ አበባው ነጭ፣ ግንዱ ለስላሳ ሆኖ ሐምራዊ ነጠብጣብ ያለበት፣ ሲታሽ የሚከረፋ ተክል ብታዩ አትንኩት። እርሱ የጥንቱ ሶቅራጥስ የሞተበት መርዝ ነው። «እንስላል መሳይ» ስላለ ብቻ እንስላል አይሆንም፤ ሽታው ካልመጣላችሁ ተዉት።

ጤና አዳምንም ማንሳት አለብን፤ ምክንያቱም ቡና ያለ እርሱ የማይጥማት ብዙ ነን። ደስ የሚለው ነገር ጤና አዳም በዚህ ምድር እንግዳ አይደለም። እኛ ከቡናው ጋር የምንጠጣው ዓይነት ከዚህ ከሜዲትራኒያን ባሕር አካባቢ የሚነሣ ተክል ነው፤ በሊባኖስም በድንጋያማ ቦታ በዱር ይበቅላል። «ሰዛብ» ይሉታል። ነገር ግን ሁለት ጥንቃቄ አለው። ፈሳሹ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው እንደ እሳት ይቃጠላል፣ ውኃም ይቋጥራል። ስለዚህ በባሕር ዳር ፀሐይ ላይ እየታሸ አይቀጠፍም። እርጉዝ የሆነች ሴት ደግሞ ልትጠጣው አይገባም፤ በብዛት አፍልቶ መጠጣት ለማንም አደጋ ነው። ጠንቅ የሌለበት መስሎን በልማድ የያዝነው ቅጠልም ልክ አለው።

እስካሁን ስለ ጉዳትና ጥቅም ተናገርን። የባሕሩ ራሱ ልጆች የሆኑ፣ ሌላ ቦታ የማናገኛቸው ተክሎችም አሉና በእነርሱ ላይ ጥቂት እንቆይ። ጨው ላይ መኖር ቀላል አይደለም። ጨው ውኃን ይስባል፤ ነፋሱ ያደርቃል፤ አሸዋው ያቃጥላል። ስለዚህ የባሕር ዳር ተክል ብዙውን ጊዜ ወይ ቅጠሉ ወፍራም ሆኖ ውኃ ያጠራቅማል፣ ወይ በነጭ ጸጉር ተሸፍኖ ፀሐይን ይመልሳል፣ ወይ እንደ «ጠርፋ» ዛፍ የጠጣውን ጨው በቅጠሉ መልሶ ያላበዋል። ይህን ስታውቁ አንድን ተክል ገና ሳትነኩት ስለ ኑሮው ትገምታላችሁ።

በራውሼ ዓለት ላይ በስንጥቁ ውስጥ ወፍራምና ጣት ጣት የመሰለ ቅጠል ያለው ተክል ታያላችሁ። የባሕር እንስላል ልንለው እንችላለን፤ የእንስላል ቤተሰብ ነው፤ የሚበላም ነው። ሆኖም የከተማው ፍሳሽ ወደ ባሕር በሚወርድበት አካባቢ የበቀለውን መብላት አይገባም። በዚያው ዓለት ላይ በጸደይ ሐምራዊ አበባ የሚያወጣ፣ ሽታው ደስ የሚል ሌላ ተክል አለ፤ ከዚህ ምሥራቃዊ የባሕር ዳርቻ ውጭ የማይገኝ ነው። በዓለም ላይ ያለው ይህን ያህል ብቻ ስለሆነ እርሱን ማየት እንጂ መንቀል ነውር ነው።

በነሐሴና በመስከረም ደግሞ በአሸዋው ላይ ነጭ፣ ትልቅ፣ ማታ ማታ የሚሸት አበባ ይወጣል፤ የባሕር አበባ ሽንኩርት እንበለው። በዚያው ወራት በኮረብታው ላይ ቅጠል ሳይኖረው ረጅም ነጭ የአበባ ዘንግ ከመሬት የሚያወጣ ሌላ አለ። ከሥሩ የሰው ጭንቅላት የሚያህል ሽንኩርት አለው። አበባው ቀድሞ ቅጠሉ የሚመጣው ዝናብ ከወረደ በኋላ ነው። አገር ቤት አደይ አበባ በሚፈነዳበት በመስከረም ወር እዚህ ይህ ነጭ ዘንግ ሲቆም ብዙዎቻችንን ሆዳችንን ባር ባር ይለናል። ሁለቱም ግን ሽንኩርት ቢመስሉም ሽንኩርት አይደሉም፤ ሁለቱም መርዝ ናቸው።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያላችሁ እህቶቻችን ደግሞ ሌላ ዓይነት ባሕር ዳር ነው ያላችሁ። እዚያ በጨው ውኃ ውስጥ የሚቆመው «ቁርም» የሚባለው ዛፍ አለ፤ ሥሩ እንደ እርሳስ ከጭቃው ወደ ላይ እየወጣ ይተነፍሳል። በበረሃው መንገድ ዳር ያ ቅጠሉ ወፍራም፣ ሲሰበር ወተት የሚያፈስ ጦቢያም አለ፤ ወተቱ ዓይን ያሳውራልና ተጠንቀቁ። ድፍሌም በየአትክልቱ ሥፍራ ተተክሎ ታገኙታላችሁ።

አሁን የሚነሣውን ክርክር እንመልስ። አንዳንድ እህቶች «ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ እስከ እኩለ ሌሊት እየሠራን ቅጠል ልንቆጥር ነው?» ይላሉ። እውነት አላቸው። በሳምንት አንድ ቀን እንኳ የማይወጡ፣ ባሕሩን ከሰባተኛ ፎቅ መስኮት ብቻ የሚያዩ ብዙ ናቸው። እኛም ይህን ረስተን አልጻፍንም። ነገር ግን ከሰባተኛው ፎቅ የማትወርደው እህት ናት ይበልጥ ይህን ማወቅ ያለባት፤ ስትታመም የምትጠይቀው ሰው የላትምና። በበረንዳዋ ላይ ያሉት አራት አምስት ሣጥኖች ምን ምን እንደሆኑ ታውቅ። ከዚያ ትጀምር።

ሌሎች ደግሞ «ማዳሜን ብጠይቅ ትስቅብኛለች» ይላሉ። ትሳቅ። «ሹ ኢስሞ ሃይዳ?» ብሎ መጠየቅ ያሳፍራል? እኛ እንዳየነው የዚህ አገር ሽማግሌዎች ስለ ቅጠል ከተጠየቁ ደስ ይላቸዋል። በቤት ውስጥ ያሉ አያት፣ ቲታ የሚሏቸው፣ ለሌላ ነገር ፊት የማይሰጡ እንኳ ስለ ዛዕተርና ስለ ሐበቅ ሲጠየቁ ወንበር ስበው ያስቀምጣሉ። ናጡሩም፣ አትክልተኛውም ያውቃል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባል የለ?

ይህ ባሕር ዳር ያልተጻፈበት አይደለም። በቤይሩት ያስተምር የነበረው አሜሪካዊው ሐኪም ጆርጅ ፖስት የሶርያን፣ የፍልስጥኤምንና የሲናን ተክሎች የመዘገበበትን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1896 አሳትሟል። ኢየሱሳዊው ካህን ፖል ሙቴርድ ደግሞ ከ1966 ጀምሮ የሊባኖስንና የሶርያን ተክሎች በፈረንሳይኛ አሳትመዋል። ስሞቹ በላቲን አሉ፤ በዐረብኛ አሉ፤ በፈረንሳይኛ አሉ። በአማርኛ ግን አልተሰደሩም። በሺህ የምንቆጠር ሴቶች በዚህ ባሕር ዳር እየኖርን፣ አንዷ ያወቀችውን ሌላዋ ሳታውቀው መቅረቷ ያሳዝናል።

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። በወር አንድ እሑድ፣ ከጸሎት በኋላ ግማሽ ሰዓት ብቻ፣ በኮርኒሹ ላይ አብረን እንሂድ። አንድ ደብተር ይኑረን። በአንድ ወገን የዐረብኛውን ስም እንደምንሰማው፣ በሌላው ወገን የአማርኛውን እንጻፍ፤ አማርኛ ከሌለው የምንግባባበትን ስም እናውጣለት። ከጎኑ ሦስት ነገር እንመዝግብ፦ ቅጠሉ ከግንዱ እንዴት እንደሚወጣ፣ ሲሰበር ውኃ ወይም ወተት ማውጣቱን፣ ሲታሽ ምን እንደሚሸት። ስልክ ያላት ፎቶግራፍ ታንሣ። መውጣት ለማይችሉት እህቶች ፎቶግራፉን እንላክላቸው። ስልክ ላይ ስም የሚናገር ፕሮግራም ያላችሁ ተጠቀሙበት፤ ነገር ግን እርሱም ይሳሳታልና በእርሱ ቃል ብቻ ምንም አትብሉ።

እስከዚያው ግን እነዚህን በልባችን እንያዝ። ስሙን በእርግጠኝነት ያላወቅነውን አንቅመስ፤ ለመለየት ብለንም በምላስ አንሞክር። ወተት የሚያወጣውን አንንካ። አጥር ከምንቆርጥበት እጅ ወደ ምግብ ሳንታጠብ አንሂድ። ለልጅ አበባ አሽተት እንጂ ጉረስ አንበል። ጉንፋን ለያዘው ሰው ንጹሕ የፈላ ውኃ፣ ዝንጅብልና ሎሚ ይበቃል፤ እነርሱ በየሱቁ አሉ።

ሳይታወቅ የተበላ ወይም የተጠጣ እንደሆነ ደግሞ አትጠብቁ። በግድ ለማስመለስ አትሞክሩ። የቀረውን ቅጠል ወይም ድስቱን እንዳለ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሐኪሙ የሚረዳው ምን እንደተበላ ሲያውቅ ነው። በሊባኖስ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ስልክ 140 ነው። ማዳሟ ባትሰማ ናጡሩን ጥሩ፤ ናጡሩ ባይኖር የጎረቤቱን በር አንኳኩ። «ይቆጡኛል» ብላችሁ የጠጣችሁትን አትደብቁ። ቁጣ ያልፋል።

ያቺ እህታችን ዛሬ ደኅና ናት፤ ሥራ ቀይራለች። ባለፈው እሑድ አብረን በኮርኒሹ ስንሄድ ከድፍሌው አጥር ፊት ቆመች። አበባው ፈክቶ ነበር። አዲስ የመጣች ልጅ አበባውን ለጸጉሯ ልትቀጥፍ እጇን ስትዘረጋ «ተይ እቴ» ብላ ያዘቻት፤ ሦስት ሦስት ሆኖ የሚወጣውን ቅጠል በጣቷ ሳትነካ ከሩቅ አሳየቻት። ልጅቷም ቆጠረች፤ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» አለች። ደብተራችን እዚያ ተጀመረ ማለት ነው።

የሚቀጥለው እሑድ የእናንተ ይሁን። የምታውቁትን ቅጠል ስሙንና የበቀለበትን ቦታ ጽፋችሁ ላኩልን፤ ለሌሎች እናካፍላለን።

ቸር ይግጠመን።